ከመኪናው ሳልወርድ ያየኋት ወፍ

መቱ ውስጥ ወፍ የሚያስጎበኙ ልጆች ማኅበር አቋቁመዋል። ደግ አደረጉ። ሥራ ማቆሜን ሰምተው ጠሩኝና ጋቢ አለበሱኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ ጋቢው ይሞቃል። ከዚያ ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ስለ ጫልቱ ንግግር አደረገ። ጨፌውን እንደ ጓሮዋ እንደምታውቀው፣ ስንቱን የውጭ አገር ሰው ደስ አሰኝታ እንደላከች፣ የእኛ ረግረግ ስሙ በሩቅ አገር የተጠራው በእሷ እንደሆነ፣ ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ተናገረ። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞር አለና፣ "ሾፌራችንን ጋሽ ተሾመንም እናመሰግናለን" ብሎ ተቀመጠ።

ሾፌራችን!

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለዚያ ቃል ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እጄም ከመሪ በቀር ሌላ ነገር መያዝ አይወድም። ያጠፋሁት ቢኖር አንባቢ ያቃናው። ነገር ማሳመርም አላውቅበትም። መኪና መንዳቴን አልክድም፣ ነድቻለሁ። ግን እኔ የወፍ ሰው ነኝ። ጫልቱ ወፍ ማሳየት ሳትጀምር እኔ ጀምሬ ነበር። ይህን የሚመሰክርልኝ ሰው ሞቷል እንጂ!

የተወለድኩት ጎሬ ነው። አባቴ ከሰሜን ለዘበኝነት መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። መጀመሪያ የነዳሁት የቡና ነጋዴ የጭነት መኪና ነው፤ ከቡሬ ጎሬ፣ ከጎሬ መቱ፣ ከመቱ በደሌ። ስለ ነጋዴው ብዙ የምለው የለኝም። ይከፍላል፣ ይሳደባል። መንግሥት ተለውጦ፣ ኦሮሚያ ክልል ሆኖ፣ ነገሩ ሁሉ አዲስ ሲሆን ሰውዬው መኪናውን ሸጦ አዲስ አበባ ገባ። እኔ ሥራ ፈትቼ መቱ አውቶቡስ ተራ ስንገላወድ ጋሽ ወርቁ አገኙኝ።

ጋሽ ወርቁ ዕድሜያቸውን በደን ሥራ የጨረሱ ሰው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ገዝተው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ወፍ ተመልካቾችን ጠዋት ወስደው ማታ መመለስ ጀምረዋል። ዓይናቸው ለመንዳት ስለደከመ ሾፌር ፈለጉ።

"ጋሼ፣ ወፍ ለማየት ገንዘብ የሚከፍል ሰው አለ?" አልኳቸው።

"አለ" አሉኝ። "ደግሞም ዝናብ ይወርድበታል፣ አልቅት ይመጠዋል፣ እየሳቀ ይከፍላል።"

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር ወፍ መኪና እንደማትፈራ ነው። ወፍ የምትፈራው የመኪና በር ነው። ስለዚህ የላንድሮቨሩን የበር ጠርዞች ሁሉ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ አለበሱት፤ በሩ ሲዘጋ እንደ ሰው ከንፈር ነበር የሚገጥመው። ጨፌው ጋ ስንደርስ መኪናውን በጎኑ አቆማለሁ። እንግዶቹ በወዲያኛው በር ይወርዱና ከመኪናው ጀርባ ተከልለው ያያሉ። ፀሐይ ምንጊዜም ከኋላችን መሆን አለባት። እየሄዱ ማየት የለም፤ ወይ ይሄዳሉ፣ ወይ ያያሉ።

ጃንጥላ ደግሞ ክልክል ነበር። ኢሉባቦር ውስጥ ጃንጥላ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ እኛ ዘንድ ሰማዩ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እሳቸው ግን፣ "ጃንጥላ ሲከፈት ለወፍ ጭልፊት ክንፉን እንደዘረጋ ነው" ይሉ ነበር። አንድ ቀን አብሮን የመጣ የወረዳ ሹም ጃንጥላውን ጧ አድርጎ ሲከፍት ጨፌው ላይ የነበረው ሳቢሳ ሁሉ ብድግ ብሎ ሄደ። ጋሽ ወርቁ ጃንጥላውን ከሰውዬው እጅ ቀስ ብለው ተቀብለው አጠፉት፤ ከዚያ የራሳቸውን ኮት አውልቀው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት። እሳቸው በዝናብ ቆሙ። እንዲህ ነበሩ። አይቆጡም፣ ያሳፍራሉ።

ወፍ ስትገኝም በጣት አይጠቁሙም። "ጣት ለወፍ ጦር ነው" ይላሉ። በቃል ነው የሚያሳዩት፤ "ከተጎመደችው ግራዋ በታች፣ ውኃው ከሚያበራበት ትንሽ ወደ ግራ።" ድምፃቸው ከትንፋሽ አይበልጥም። እንግዳው ቋንቋ ባይገባው እንኳ በእሳቸው ዓይን መንገድ ሄዶ ያገኛታል። እኔ ይህን ተምሬ ነበር። መኪናውን አቁሜ እወርዳለሁ፣ አንዱን እንግዳ እኔ እይዛለሁ፣ ሌላውን እሳቸው። ሶሪትን፣ የዓሣ ንስርን፣ ጋጋኖን፣ ስንቱን አሳይቻለሁ!

ጫልቱ የመጣችው ባለ ዘውዷን ስንፈልግ በዋልንበት ቀን ነው። ባለ ዘውዷ የምንላት እግረ ረጅም፣ አናቷ ላይ እንደ ወርቅ ጭራሮ የቆመ ነገር የጫነች ትልቅ የጨፌ ወፍ ናት። ብዙ እንግዳ ለእሷ ብሎ ነው የሚመጣው። ያን ቀን ከጎሬ መንገድ ዳር ካለው ጨፌ ላይ ዓይናችን እስኪፈስ ብናይ የለችም። እንግዶቹ አኩርፈዋል። በመካከል አንዲት ሴት የሣር ሸክም ጭንቅላቷ ላይ ይዛ ከጨፌው ውስጥ ብቅ አለች። ለበዓልና ለሠርግ የሚጎዘጎዘውን ሣር እያጨደች መቱ ገበያ የምትሸጥ ናት።

"ማል ባርባዱ?" አለች። ምን ትፈልጋላችሁ ማለቷ ነው።

"ወፍ" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"ሲምቢሮ?" ሸክሟን ሳታወርድ ሳቀች። "ለወፍ ብላችሁ ነው ይህን ሁሉ ቤንዚን ያቃጠላችሁት? እኔ ቤት መጥታችሁ ማሽላዬን ብትጠብቁልኝ በነፃ አሳያችሁ ነበር!"

"ባለ ዘውዷን ነው የምንፈልገው" አልኳት ነገሩን ለማሳጠር።

"እሷንማ ምን አስፈለጋችሁ? ከኋላችሁ ቆማ ከመጣችሁ ጀምሮ እያየቻችሁ ነው።"

ዞር አልን። ቆማለች።

ጋሽ ወርቁ ያን ቀን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ አብሬያቸው በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ አላሳቅኳቸውም። በሚቀጥለው ጉዞ ጫልቱ መኪናው ውስጥ፣ በእኔና በእሳቸው መካከል ተቀምጣ ነበር። የቤንዚኑ ሽታ አዙሯት ጫማዬ ላይ አስመለሰች።

"ይቅርታ፣ ሾፌሩ" አለችኝ። ስሜን ታውቀው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ጫልቱ ሆነ። ጋሽ ወርቁ ቀድሞ ለእኔ የሚነግሩኝን ለእሷ በኦሮምኛ ይነግሯታል። ኦሮምኛ እኔም አውቃለሁ፤ እንዲያውም ከእሳቸው እኔ እሻላለሁ። የመንገዱን ነገር ሳይቀር እሷን ይጠይቃሉ። መንገድ ለሾፌር ትቶ ለሣር ሻጭ! እንግዶቹም ወደዷት። ፎቶ ሲነሡ እሷን መካከል አድርገው እኔን "አንሣን" ይሉኛል። ከአገራቸው ስጦታ ሲልኩ ለእኔ ኮፍያ መጣ፤ ለእሷ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር። እሷም መነጽሩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገበያ ተቀምጣ ሣሯን ትሸጥ ነበር። የመቱ ሰው ይሙት! "ጫልቱ፣ ከዚያ ሆነሽ የእኔን ኪስ አየሽው?" ሲሏት፣ "አይቼዋለሁ፣ ባዶ ነው፣ እለፍ" ትላለች። ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም።

አሁን የከሸፈብኝን ቀን ልናገር። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ግን የሚያወራው ሁሉ በጫልቱ አፍ ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ በእኔ አፍ ይነገር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ባልና ሚስት የሆኑ ሽማግሌ እንግዶች ባለ ዘውዷን ከነጎጆዋ ሊያዩ መጡ። ጎጆው ከጨፌው ዳር ገባ ብሎ ነበር፤ እንቁላል ታቅፋለች፣ ባሏ አጠገቧ ይቆማል። ጋሽ ወርቁ ወባ ጥሏቸው ተኝተዋል። "ጫልቱን ይዘሃት ሂድ" አሉኝ። ጫልቱ የገበያዋ ቀን ነው። እኔም ላስጠራት አልፈለግኩም። አንድ ቀን፣ አንድ ጉዞ፣ የእኔ ብቻ ይሁን አልኩ።

ታዲያ በደንብ ላደርገው ፈለግኩ። ለክብር እንግዳ ምን ይደረጋል? ሣር ይጎዘጎዝለታል። እነዚያ ሽማግሌዎች ጭቃ ላይ ሊቆሙ ነው? በዋዜማው ማጭድ ይዤ ወረድኩና ከጨፌው ዳር ረጅሙን፣ ለምለሙን ሣር አጭጄ፣ ዳር ካለው ዛፍ ሥር እንደ ሠርግ ቤት አድርጌ ጎዘጎዝኩት። አማረ። እንግዶቹ ሲያዩት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑኝ። ተቀመጡ። መነጽራቸውን አነሡ።

ወፏ ከጎጆዋ ተነሥታ ቆማ ነበር። እኛን ነው የምታየው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያጨድኩት ሣር መጋረጃዋ ነበር። ከማታ ጀምሮ የመንገዱን ሰውና ውሻ ስታይ አድራለች። እየተራመደች ራቀች፣ ባሏ ተከተላት፣ ከዚያ በረሩ። ይመለሳሉ ብለን ጠበቅን። የመጡት ቁራዎች ናቸው። አንዱ ጎጆው ላይ ወረደ፣ ሌላው ወረደ። ሴትዮዋ መነጽሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፊቷን ሸፈነች፤ ባልየው ጀርባዋን ያሻታል። ለምለም ሣር ላይ ተቀምጠው!

ጫልቱ ወሬው ገበያ ድረስ ደርሷት መጣች። ጉዝጓዙን አየች፣ እኔን አየች።

"ተሾመ፣ ይህ የሠርግ ነው የለቅሶ?"

"የክብር ነው" አልኳት።

"የማን ክብር?"

መልስ ሳትጠብቅ እስከ ጉልበቷ ውኃ ገብታ ጎጆውን አይታ ተመለሰች፤ ከሴትዮዋ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት። ቋንቋ የላቸውም። ሴትዮዋ ግን ማልቀሷን አቆመች። እኔ ቆሜ አየሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሰዓት እንኳ፣ እኔ ብሆን ኖሮ እጇን የያዝኩት አልኩ።

እያንዳንዱ ጨፌ አባ ለጋ የሚባል ሽማግሌ አለው። ቦዩ መቼ እንደሚከፈት፣ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ የሚወስነው እሱ ነው። እሱ ሳይል ማጭድ ያነሣ የሰው አጥር እንደ ዘለለ ይቆጠራል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ፈረዱብኝ፤ የአጨዳው ወቅት መጥቶ እስኪያልፍ እግሬ ጨፌውን እንዳይረግጥ። እንግዳ አምጥቼ መንገድ ዳር አቆማለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ጫልቱ ትወስዳለች። ጋሽ ወርቁም ሲነገራቸው አልተቆጡኝም። "ተሾመ፣ እርጥብ መሬት ላይ ቢቀመጡ ምን ይሆኑ ነበር?" አሉኝ። "ሱሪያቸው ይረጥብ ነበር። ሱሪ ይደርቃል።" ይህችው ናት። ብትር ይሻለኝ ነበር።

ወቅቱ መጣ፣ ጨፌው ታጨደ፣ ቅጣቴም አለቀ። እንግዶች ይዘን ሄድን። መኪናውን በጎኑ አቆምኩና ጋሽ ወርቁ "ና፣ ውረድ" እስኪሉኝ ጠበቅኩ። አላሉኝም። ጫልቱ ኋላ እንደነገረችኝ፣ እሳቸውም ራሴ እስክወርድ ይጠብቁ ነበር። እኔ ደግሞ ካልተባልኩ አልወርድም። በሚቀጥለውም አልወረድኩም፣ ከዚያም በኋላ አልወረድኩም። እንዲሁ እንደተጠባበቅን ዓመታት ሄዱ። ግትር ነህ የሚለኝ ይበለኝ። እናቴም ስትለኝ ነው የኖረችው።

ከመኪና ውስጥ ሆኜ እሷን ማየት ሥራዬ ሆነ። ከፊት ከፊት ትሄዳለች፣ እንግዶቹ እንደ ጫጩት ይከተሏታል። ጎንበስ ስትል ጎንበስ ይላሉ። ሳቃቸውን ነፋስ ይዞት ይመጣል። እኔ የጠራ መስታወት እንደገና እወለውላለሁ።

ጋሽ ወርቁ ሊሞቱ ሲሉ ሁለታችንን ጠሩን። "መኪናው ለተሾመ፣ እንግዶቹ ለጫልቱ" አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ "እንዴት ያለ ፍርድ ዐዋቂ!" አለ። መኪና ያረጃል፤ እንግዳ ግን ሌላ እንግዳ ይጠራል። ይህን ማንም አላሰበውም። ደግሞም አንዳችን ያለ አንዳችን እንዳንሠራ አድርገው አሰሩን። ነፍሳቸውን ይማርና ተንኮል ያውቁ ነበር።

ከእሳቸው ሞት በኋላ ነው የሶር ወንዝ ነገር የመጣው። ጫልቱ እንግዶቹን ይዛ ወደ ፏፏቴው ስትወርድ እኔ ከፏፏቴው በላይ፣ ወንዙ ገና ሳይቆጣ ቀስ ብሎ በዛፍ ጥላ ሥር ከሚሄድበት፣ መኪናውን አቁሜ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ውኃው ላይ ከተንጠለጠለው ቅርንጫፍ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ እባብ መሰለኝ፤ ራሷንና አንገቷን ብቻ ነው ያየሁት፣ ወደፊት ወደኋላ እያለች ትዋኛለች። ከዚያ ጭቃው ላይ ወጣች። እግሯ! እንደ በርበሬ የቀላ እግር። ዞር ዞር ብላ አየችና ተመልሳ ጥላው ውስጥ ጠፋች።

ሲመለሱ ነገርኳቸው።

"ዳክዬ ነው" አለች ጫልቱ።

"ዳክዬ አይደለም። ዳክዬ አውቃለሁ።"

አንዱ እንግዳ የወፍ መጽሐፉን ገልጦ ሰጠኝ። የፈረንጅ ጽሑፍ አላነብም፣ ሥዕሉን ግን አነባለሁ። ገልጬ ገልጬ ጣቴን አስቀመጥኩባት። ሰውዬው መጽሐፉን አየ፣ እኔን አየ፣ ፊቱ ቀላ። አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ፣ "ይህችን ወፍ ፍለጋ ስንት አገር ዞሯል፣ አላያትም" አለኝ። ሰውዬው ሲያየኝ የነበረውን አስተያየት አውቀዋለሁ። እኔ ጫልቱን የማየው እንደዚያ ነው። እስኪመሽ መኪናው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ፤ አልወጣችለትም።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ደጋግሜ አይቻታለሁ። ጫልቱም በየጊዜው "ዳክዬህ ደህና ናት?" ትለኛለች፤ ሰው ባለበት፣ ጮክ ብላ።

ዘመኑ እየተለወጠ ሄደ። ስንቱ ጨፌ ቦይ ተቆፍሮለት በቆሎ ሆነ፣ ዳሩ ባሕር ዛፍ ሆነ። አንድ ጊዜ በአገር ሁከት፣ አንድ ጊዜ በበሽታው፣ እንግዳ ጠፋ፤ ሲመለስም ልጆቹ ስልካቸው ውስጥ የወፍ ድምፅ ይዘው ወፏን እየጠሩ ያሳዩታል። ላንድሮቨሩ አርጅቶ በየብልቱ ተሸጠ። ጉልበቴም እምቢ አለኝ። ሥራ ያቆምኩት እንዲህ ነው።

ጋቢውን የለበስኩ ቀን ጫልቱ እስከ ቤቴ ሸኘችኝ። እየዘነበ ነበር።

"ተሾመ፣ ያቺ ዳክዬህ…"

"ዳክዬ አይደለችም!"

"አውቃለሁ።"

ቆምኩ። "መቼ አወቅሽ?"

"ያኔውኑ። የፈረንጁን ፊት አይቼ።"

"ታዲያ ስንት ዓመት ዳክዬ፣ ዳክዬ ስትይኝ የኖርሽው ምን ሆነሽ ነው?"

"ምን ልበልህ ታዲያ?" ጮኸችብኝ። "እኔ ጭቃ ሳቦካ፣ አልቅት ደሜን ሲመጠው፣ አንተ ደረቅ ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጠህ! መስኮት እንኳ ሳታወርድ! ዱጉማ፣ እውነቴን ነው፣ እንቅልፍ ነሥታኛለች። ብቻዬን ስንቴ ሄጄ ፈለግኳት መሰለህ? የለችም።"

"አለች።"

"አሳየኝ።"

"ጉልበቴን ያመኛል።"

"ባጃጅ አለ።"

"ዝናብ ነው።"

"ኢሉባቦር እኮ ነው ያለነው፣ አንተ ሰውዬ! ሳላያት ልሙት?"

እንደዚያ ማታ ጠግቤ የተኛሁበት ቀን የለም። በነጋታው ሄድን። መነጽርሽን ትተሽ ካልመጣሽ ብያት ነበር፤ ትታው መጣች። ባጃጁን ከሩቅ መለስነው። ከወንዙ ዳር አንድ ግንድ ላይ ተቀመጥን። እሷ መሄድ እንጂ መቀመጥ አታውቅም፤ ትቁነጠነጣለች፣ እግሯን ታካለች፣ ታንሾካሹካለች።

"ዝም በይ" አልኳት። "ቁጭ ብለሽ፣ የምትፈልጊያት አትምሰይ።"

እግሯን ሰበሰበች። ዝናቡ አባራ፣ ውኃው ጠቆረ፣ ጠበቅን። እሷ ወደ ላይ ስታይ ወፏ በታች በኩል ወጣች። አየኋት። ጫልቱ አላየቻትም። ትንሽ ብቻዬን አየኋት፤ ሰው ለራሱ ትንሽ ቢያይ ምን አለበት? ከዚያ፣ "ውኃው ላይ ከተንጋደደው ግንድ ሥር፣ ከጥላው ጠርዝ ወደ እኛ" አልኳት በትንፋሽ።

እጅጌዬን ጨመደደችኝ። ወፏ ጭቃው ላይ ወጣች፣ በቀይ እግሯ ሁለት ሦስት ጊዜ ተራመደች፣ ተመልሳ ገባች። ውኃው ተረጋጋ። ጫልቱ እጅጌዬን ገና አልለቀቀችም።

"እሷ ናት?"

"እሷ ናት።"

ብዙ ቆይታ ለቀቀችኝ፣ ቀሚሷን አራገፈች።

"ትንሽ ናት" አለች።

ቅናት ነው።